ሞተሩን አጥፋልኝ፣ ላስረዳ ነው

ለመሆኑ እርስዎ ለሰው አንድ ነገር ለማስረዳት ብለው ሰው ጭኖ የሚሄድ ነገር አስቁመው ያውቃሉ? አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፤ ባጃጅ ሊሆን ይችላል፤ ጋሪም አይከፋም። «አንዴ ቁምልኝ፣ ያንን ተራራ ላሳያቸው» ብለው ያስቆሙት ነገር እንደገና አልነሣም ብሎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተራራውን ትቶ እርስዎን ሲያይ? ደርሶብዎት ከሆነ ይህን ጽሑፍ እንደ ወንድም ያንብቡልኝ። ካልደረሰብዎት ደግሞ በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ላስረዳ። ማስረዳት ሥራዬ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በርዝመታቸው እደረድራለሁ። ሸሚዞቼ የሰኞ፣ የማክሰኞ እየተባሉ ተለይተው ይሰቀላሉ፤ አንድ ሐሙስ የማክሰኞውን ሸሚዝ ለብሼ የገባሁ ዕለት ተማሪዎቼ የማክሰኞ ደብተራቸውን አውጥተው ጠበቁኝ። ከሥርዓት ቀጥሎ የምወደው ማስረዳት ነው። አከራዬ እትዬ አትጠገብ «ዝናብ መጣ!» ሲሉ፣ እኔ ከቤት ወጥቼ ዝናቡ ከየትኛው ውቅያኖስ እንደተነሣና ስንት አገር አቋርጦ እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ግን የሚፈልጉት የተሰጣውን በርበሬ የሚያስገባላቸው ሰው ነው።

የጉዞው ነገር የጀመረው በስልኬ ነው። አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ፣ በሩቅ አገር ትንንሽ መርከቦች ሰው እየጫኑ በሐይቆችና በደሴቶች መካከል እንደሚዞሩ አነበብኩ። ሽርሽር አይሉትም፤ «የአሰሳ ጉዞ» ነው የሚሉት። ልቤን የነካው መርከቡ አይደለም። በየመርከቡ ላይ አንድ ዐዋቂ አለ፤ የዚህ ሰው ሥራ ማስረዳት ብቻ ነው። ጠዋት ስለ ወፍ ያስረዳል፤ ከምሳ በኋላ ስለ ድንጋይ ያስረዳል፤ ወደ ማታ ደግሞ ነገ ስለሚያስረዳው ነገር ያስረዳል። ተሳፋሪዎቹ ማስታወሻ ደብተር ይዘው አንጋጠው ያዳምጡታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ አንድም የሚያዛጋ ሰው የለም። እኔ ስልሳ ሰው በሞላበት ክፍል ሦስት የሚያዳምጥ ሰው አጥቼ!

እኛስ ምን ይጎድለናል? ሐይቅ ብትል ጣና አለ። ደሴት ብትል ሞልቷል። ዐዋቂም ቢሆን፣ ራስን ማመስገን አይሁንብኝና፣ አለ።

ወረቀት አዘጋጅቼ «ታላቅ የጣና የአሰሳ ጉዞ» ብዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ ለተመዝጋቢ ስም የሚሆን ሃያ መስመር አሰመርኩ፤ በማስመሪያ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተጻፈበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዓሣ ከበላችሁ አስቡኝ።» ስም የለውም፤ ቁጥር የሚመስለው ጽሕፈት ግን የሒሳቡ መምህር ነው።

ተስፋ ቆርጬ ወረቀቱን ነቅዬ ቤቴ የገባሁ ዕለት እትዬ አትጠገብ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ጣና ልትሄድ ነው አሉ።»

«ሰው አጣሁ እንጂ ልሄድ ነበር፣ እትዬ።»

«ስንት ሰው ነው የሚያስፈልግህ?»

«ቢያንስ አሥር።»

«አሥራ አንድ ብንሆን ይከፋሃል?»

አሥራ አንዱ የማርያም ማኅበርተኞቻቸው ናቸው፤ እሳቸውን ጨምሮ። ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ዳቧቸውን ቆርሰው፣ ጠላቸውን ቀማምሰው የሚለያዩ። ከመካከላቸው ትንሽ የሚባለው ሰው እኔን ሁለቴ ይወልደኛል።

እትዬ አትጠገብ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝና ሳጥን ከፈቱ። ከነጠላ ውስጥ ያወጡት ነገር የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነበር። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፤ ቢዘረጋ የእኔን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ። ታሪኩን ነገሩኝ። ልጃቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ አጥታ ስትንከራተት፣ እትዬ አትጠገብ በጣና ላይ ላለችው ለአንዲት ደሴት ማርያም ተሳሉ። «ልጄን በልጅ ካሰብሽልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ፤ በንግሥሽ ዕለት ታቦትሽ በሱ ሥር ሆኖ ሲዞር በዓይኔ አያለሁ» ብለው። የልጅ ልጃቸው ተወለደች። እነሆ አራት ዓመቷ ነው፤ ጃንጥላው ግን አሁንም ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ዓመት መንገዱ አልመች አለ፤ አንድ ዓመት ለቅሶ መጣ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ፤ ከዚያም ሌላው ጉልበታቸው።

«ዘንድሮ ካላደረስኩት» አሉኝ ሳጥኑን እየዘጉ፣ «ከእንግዲህ ጀልባ የምወጣበት ጉልበት የለኝም። ለሰው ብሰጠው ይደርሳል። ግን በዓይኔ አያለሁ ነው ያልኩት። ይቺ ልጅ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ፣ በንግሡ ሰሞን፣ ትኩሳት ሲይዛት፣ እኔ ነኝ የማመጣባት እላለሁ።»

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ጃንጥላውን ተሸክሞ ዝም ብሎ መሄድ። እኔ ግን መርሐ ግብር አወጣሁ።

አራት ገጽ ነው። ውኃ እንዳያበላሸው በላስቲክ አስለበጥኩት። ለጥር ሃያ አንድ ጠዋት የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «1፡00 ከባሕር ዳር በመርከብ መነሣት። 2፡00 በሐይቁ መካከል ማብራሪያ፤ ርዕስ፦ የጣና ውኃ ጨዋማ ያልሆነበት ምክንያት፤ ሃያ ደቂቃ፤ በጸጥታ። 3፡00 ደሴቷ መድረስ። 3፡10 ጃንጥላ ማስረከብ። 4፡00 ታቦት ይወጣል።» ጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ደሴቶች ስላሉ አስቀድሜ አጣርቻለሁ፤ የእኛዋ ሁሉንም ትቀበላለች። ስሟን አልነግርዎትም። ያን ዕለት እዚያ ያየኝ ሰው ብዙ ነው።

መርሐ ግብሩን ለሁሉም ካደልኩ በኋላ ልምምድ አደረግን። በእትዬ አትጠገብ ግቢ መሬት ላይ በአመድ የመርከብ ቅርጽ ሠራሁ፤ ውስጡ አግዳሚ ደረደርኩ። የነፍስ አድን ሰደርያ ስላልነበረኝ ለእያንዳንዱ ሰው ባዶ ባለአምስት ሊትር ቢጫ ጄሪካን በገመድ ደረቱ ላይ አሰርኩለት። ፊሽካ ስነፋ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ስደግም ወደ ግራ እንዲጠጋ። አሥር ሽማግሌና አሮጊት (አሥራ አንደኛው ቡሬ ነው የሚኖሩት) ጄሪካን ታቅፈው በአመድ መርከብ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ቧንቧ ጠፋ እንዴ?» አለች አንዷ።

«የለም» አሏት አያ ቢተው፣ «መምህሩ ሊያሰጥመን ነው፤ መስጠሙን እየተለማመድን ነው።»

አያ ቢተው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ንብ ያነባሉ። ቀጭን፣ ረጅም፤ ሲቀልዱ ፊታቸው ላይ አንዲት ጡንቻ እንኳ አትንቀሳቀስም። በላስቲክ የተለበጠውን መርሐ ግብር ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በግንባራቸው ላይ ሻሽ ሥር ሰክተው የፀሐይ መከላከያ አደረጉት።

«ነፋስ ቢመጣስ፣ መምህር?» አሉኝ ያኔ።

«በጥር ጠዋት ጣና ላይ ነፋስ አይኖርም» አልኳቸው። «ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ...»

«ተወው፣ አምነንሃል።»

ጥር ሃያ ቀን ማለዳ በኪራይ መኪና ከፍኖተ ሰላም ተነሣን። መርሐ ግብሩ ቡሬ ላይ አሥር ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ አሥራ አንደኛውን ሰው መሪጌታ ሰናይን ለመጫን። መሪጌታ ግን «ቤቴን አልፋችሁ? በእመቤቴ ዋዜማ?» ብለው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሙ። ገባን። አሥሩ ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። እኔ በየመካከሉ ሰዓቴን ሳይ መሪጌታ አዩኝና፣ «ልጄ፣ እጅህን አመመህ?» አሉኝ። ያም ሆኖ ለእሳቸውም አሥራ አንደኛውን ጄሪካን አስታቅፌ በቀን ባሕር ዳር ገባን፤ አድረንም ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ቆምን። ይህን የምጽፈው እስከዚህ ድረስ ጥፋት እንዳልነበረብኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

መርከቧ ጣራ የሌላት ጀልባ ሆና ተገኘች። ባለቤቷ ካሳሁን የሚባል ደንዳና ወጣት ነው። ሰደርያ ለሁሉም አደለ፤ ማኅበርተኞቹ ግን ጄሪካናቸውን አልጣሉም፤ ከሰደርያው በላይ አሰሩት።

«ካፒቴን በሉኝ» አለ ካሳሁን። ሞተሩን ስምንት ጊዜ በገመድ ስቦ በዘጠነኛው አስነሣው። «ይቺ ልጅ ከተነሣች ሐሪፍ ናት። ችግሯ ከጠፋች ነው።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ዋሸሁ።

ሐይቁ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነበር። እትዬ አትጠገብ ከፊት ተቀምጠው ጃንጥላውን በነጠላ እንደ ተጠቀለለ ሕፃን አቅፈውታል። ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«የጣና ውኃ ጨዋማ ያልሆነበት ምክንያት...»

ሞተሩ ከእኔ በላይ ይጮኻል። ደገምኩት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀልኝ። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን መነቅነቅ ያውቀዋል፤ አልሰማንህም፣ ግን ቀጥል ማለት ነው። የሥራዬን ክብር ነካኝ። ዞር አልኩና፦

«ካፒቴን፣ ለሃያ ደቂቃ ሞተሩን አጥፋልኝ፤ ላስረዳ ነው።»

«መምህር፣ ነገርኩህኮ። ከጠፋች...»

መርሐ ግብሩን አሳየሁት። በጣቴም «በጸጥታ» የሚለውን ቃል ነካሁለት። ካሳሁን ላስቲኩን አየ፤ እኔን አየ፤ ትከሻውን ሰበቀና አጠፋው።

ጸጥ አለ። ምን ዓይነት ጸጥታ መሰለዎት! አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ ጄሪካን፣ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ። ያ በስልኬ ያየሁት ፎቶ በሕይወቴ መጣ። ደስታው አንደበቴን ያዘውና መግቢያውን አስረዘምኩት። ሐይቅ ምን እንደሆነ ተናገርኩ። ደሴት ምን እንደሆነ ተናገርኩ። የሐይቅ ዓይነቶችን በየተራ ዘረዘርኩ። አንዲት እናት አንቀላፉ። ወደ ዋናው ነጥብ ደርሼ «እንግዲህ የጣና ውኃ ጨዋማ ያልሆነበት ምክንያት...» ስል፣ እትዬ አትጠገብ እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ።

«መምህር፣ ሰዓቱ እንዴት ነው?»

አየሁ። ሁለት ሰዓት ከአርባ። «እንሂድ፣ ካፒቴን፤ በመንገድ እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

ካሳሁን ስምንት ጊዜ ሳበ። ዘጠነኛውን ሳበ። አሥረኛውን ሳበ። እኔ ጮክ ብዬ መቁጠሬን ያወቅኩት ሃያ ሦስት ላይ «ዝም በል!» ሲለኝ ነው።

ለጓደኞቹ ስልክ ደወለ። ሁሉም ለንግሡ ሰው እያመላለሱ ነው፤ የሚያነሣ የለም። መቅዘፊያ ጠየቅን። አንድ አለ፤ እሱም ከዳር መግፊያ አጣና ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ደሴቷ በሩቁ አረንጓዴ ጉብ ብላ ትታያለች፤ አትቀርብም። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ አትጠገብ ጃንጥላውን እንዳቀፉ ደሴቷን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዴ ብቻ እንዲህ አሉ፣ ለእኔ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው። «አራት ዓመት ጠብቄ፣ በዓይኔ እያየኋት።»

በዚህ መሐል አንድ ታንኳ መጣ። ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ፣ የተሠራ ታንኳ ነው፤ እንጨት የተጫነ፤ ላዩ ላይ አንድ ጢማም ሰው ተቀምጦ በቀስታ ይቀዝፋል። ሞተር ያላትን ጀልባ አልፎ ሊሄድ መሆኑ ሲገባው ቆም አለ።

«ምን ሆናችሁ?»

«መምህሩ ሊያስተምረን ሞተር አስጠፍቶ ነው» አሉ አያ ቢተው።

ሰውየው ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አየ። «ትምህርቱ አለቀ?»

«ገና መግቢያው ላይ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ታድራላችኋ።» ሳቀ፤ ከዚያ የእትዬ አትጠገብን ፊት አየና ሳቁን ተወ። «እኔ እንኳ እንጨቴን ወደ ከተማው እየወሰድኩ ነው፤ እናታችንንም በዚህ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። ግን ነፋስ አለላችሁኮ። ከበስተኋላችሁ ነው። ሸማ ወጥሩለት።»

ነፋስ! በጥር ጠዋት! እውነትም ማጅራቴን ቀዝቅዞኝ ነበር፤ ግን በእኔ ትምህርት መሠረት መኖር ስላልነበረበት ችላ ብዬው ነበር።

የአያ ቢተውን ጋቢ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ወጠረው። ጋቢው ተነፋ፣ ረገበ፣ ተነፋ፣ የካሳሁን ፊት ላይ ተጠመጠመ። ጀልባዋ ንቅንቅ አለች፤ ከዚያ ስለ ጉዳዩ እንደምታስብ ቆመች። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ሳይናገር የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ሄደ፤ እትዬ አትጠገብ እቅፍ ውስጥ።

«አይሆንም!» አሉ እትዬ። «ይኸ የሷ ነው። እኔ እንኳ አንድ ቀን ዘርግቼው አላየሁትም። በታቦት ላይ ሳይውል በሰው ላይ ይዘርጋ?»

ሁሉም ወደ መሪጌታ ሰናይ ዞረ። መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። እኔ ለዚህ መሰል ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስንት መጽሐፍ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ እያሰብኩ ነበር፤ እሳቸው ደሴቷን አንዴ፣ ጃንጥላውን አንዴ አዩ።

«አትጠገብ፣ ይኸ ጃንጥላ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ እመቤቴ ነዋ።»

«መንገድ ላይ ነው አይደል? እኛ ልንጠለልበት ብንዘረጋው ነውር ነው። እሱ ወደ ቤቱ ሊሄድ ከተነሣ ግን፣ እኛ ምን አግብቶን እንከለክለዋለን? ይሂድ። እኛ ተከትለነው እንሄዳለን።»

እትዬ አትጠገብ ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ከሥሩ ግን ሰው እንዳይቀመጥ» አሉና ነጠላውን ፈቱት።

አያ ቢተው እጄን ያዙ። «ና፣ መምህር። ጉልበት ያለህ አንተ ነህ። ጥፋተኛውም አንተ ነህ።»

ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜ ያን ጃንጥላ ዘረጋሁት። ቀዩ ከፋይ በጥር ፀሐይ ሲበራ፣ ሴቶቹ ሳያስቡት እልል አሉ። ነፋሱም መጣ። ጃንጥላውን ይዤ ሳይሆን ጃንጥላው ይዞኝ ነበር። አያ ቢተው ከኋላ ቀበቶዬን ጨበጡ፤ ከጥላው ሥር ሰው እንዳይኖር ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ብድግ አለ። ክብደት በእኩል መከፋፈል እንዳለበት ላስረዳ አፌን ስከፍት ውኃ ገባበት። ሄድን! በቀስታ፣ ግን ሄድን። ጄሪካኖቹ እየተጋጩ ያጨበጭባሉ፤ ካሳሁን ከኋላ ገመዱን ይስባል፤ መሪጌታ ያዜማሉ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ። የጃንጥላውን ዘንግ ብብቴ ሥር አጣበቅኩት። ከደሴቷ የከበሮ ድምፅ መጣ፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ኃይለኛ ነፋስ መጣና ጃንጥላውን ወደ ሰማይ፣ እኔን ወደ ሐይቅ ሳበን። አያ ቢተው ቀበቶዬን ባይለቁም ሱሪዬ ሊለቅ ደረሰ። ከእጄ ቢያመልጥ፣ አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስለት ዓሣ ሊጠለልበት ነው። ይህን ሳስብ ከአፌ የወጣውን ነገር አስቤበት አልነበረም፦

«እመቤቴ፣ ይህን ጃንጥላ በሰዓቱ ካደረስሽልኝ፣ ፍኖተ ሰላም እስክገባ ድረስ ምንም ነገር አላስረዳም!»

ነፋሱ እንኳ ለአፍታ የቆመ መሰለኝ።

«ሰማችሁ?» አሉ አያ ቢተው።

«ሰምተናል!» አለ ጀልባው በአንድ ድምፅ። አንቀላፍተው የነበሩት እናት ሳይቀሩ።

ደሴቷ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ስንገባ ካሳሁን ሲስብ የኖረው ሞተር ተነሣ። ያኔ ማን ይፈልገዋል? መሪጌታና አያ ቢተው እትዬ አትጠገብን በብብታቸው ደግፈው፣ እኔ ጃንጥላውን አጥፌ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዳገቱን ወጣን። ታቦቱ ከበሩ ላይ ነበር። አንድ ዲያቆን ሮጦ ተቀበለን፤ «ከፍኖተ ሰላም የመጣ ስለት!» ተባለ፤ እልልታው ዛፎቹን አናወጠ። ዘርፉ እርጥብ ነበር፤ ሲዘረጋ በካህናቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ታቦቱ በሱ ሥር ሆኖ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዞረ። እትዬ አትጠገብ በሁለቱም የታመሙ ጉልበቶቻቸው ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩ። እንባቸውን እንኳ አልጠረጉም፤ እንዳይጋርዳቸው ይመስለኛል።

ጄሪካኖቹ ለምን እንዳልተጣሉም ያኔ ገባኝ። አሥራ አንዱም ጠበል ተሞሉ። ልምምዱን በደስታ የተቀበሉኝ ለዚያ ኖሯል።

አሁን መመለሱ መጣ። እርስዎ ስለት የሚከብደው ጃንጥላ መግዛቱ ይመስልዎታል። ጀልባዋ ገና ከደንገሉ ሳትወጣ አያ ቢተው ጎኔ ተቀመጡ። በሞተሩ ጩኸት መሐል ድምፃቸው እንዲሰማ ጆሮዬ ድረስ ተጠጉ።

«መምህር፣ ያ አፉ ከረጢት ያለው ነጭ ወፍ ምንድን ነው?»

ዝም አልኩ።

«ከጎንደር ባሕር ዳር ደብዳቤ የሚያመላልሰው ነው አይደል?»

ዝም አልኩ።

«ዓባይስ? ግሽ ዓባይ ይወለድና ጣናን በመሐሉ ሳይነካው ያልፋል፤ ውኃቸው አይተዋወቅም። እንዲህ አይደለም እንዴ፣ መሪጌታ?» መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እያሾፉ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ መጠየቅ ደግሞ ወደ ማስረዳት ይወስደኛል ብዬ ፈራሁ።

«ለነገሩ» አሉ አያ ቢተው፣ እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው ጣታቸውን እየላሱ፣ «የጣና ውኃ ጨው ነው።»

የጋቢዬን ጫፍ ነከስኩ። መኪናው ውስጥም ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ ጨው እንደሆነ ተነገረኝ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ደግሞ ጨው የሆነበትን ምክንያት ሁሉም በየተራ አስረዳኝ፤ አንዷ እናት ጥንት አንድ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ሰጥሞበት ነው አሉ። ጋቢው ተቀደደ።

ከዚያ ሰለቻቸውና የራሳቸውን ጨዋታ ጀመሩ። እኔም አፌ ሥራ ስለፈታ ጆሮዬ ሥራ ጀመረ። እትዬ አትጠገብ የልጅ ልጃቸው የተወለደች ዕለት ገበያ ላይ እንደነበሩ ነገሯቸው። ወሬው ሲደርሳቸው በርበሬያቸውን መሬት ላይ እንደተዘረገፈ ጥለው ሮጡ። አያ ቢተው በርበሬ መሸጥ የማያውቁበት ሰው፣ ለገበያ ያመጡትን ማር ትተው፣ የእትዬን በርበሬ እየሸጡላቸው ገበያው እስኪበተን ሲያስነጥሱ ዋሉ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግን ማስረዳት አልችልም፤ ገና ቡሬ ነን።

ቡሬ ላይ መሪጌታ ሰናይ ጄሪካናቸውን ታቅፈው ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ እንዲህ ስትሆን እንዴት ያለ መልካም አስተማሪ ይወጣሃል» አሉኝ። መኪናው ፍኖተ ሰላም ሲገባ ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ አሁን ይፈነዳል ብለው። እኔም አፌን ከፈትኩ። «ደህና ግቡ» ብቻ ነው የወጣው።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ አትጠገብ በርበሬያቸውን ሲያሰጡ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ስለትህ አለቀ አይደል?»

«አለቀ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ከትናንት ጀምሮ ሲከነክነኝ ነው። ለምንድን ነው ጨው ያልሆነው?»

ነገርኳቸው። ወንዞች ሁሉ ጥቂት ጥቂት ጨው ይዘው ወደ ሐይቅ ይገባሉ፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨዉ ይቀርበታል። ጣና ግን በር አለው፤ በዓባይ በኩል ይወጣል።

ሃያ ደቂቃ የመደብኩለት ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ አለቀ። እትዬ አትጠገብ በርበሬውን በእጃቸው በተን በተን አደረጉት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህን ሞተሩ እየሄደ ጆሮዬ ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

በርበሬውን አብሬያቸው መበተን ጀመርኩ። የዚህን ጥያቄ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየፈለግኩ ነው።

እርስዎም እስቲ ይሞክሩት። ጣና ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው መንገድም ይበቃል። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው እርስዎ አጥርተው የሚያውቁትን ነገር አጣሞ ሲያወራ፣ መኪናው እስኪቆም ድረስ ሳያርሙት ይሂዱ። ጋቢ ግን ይያዙ፤ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ የሚነክሱት ነገር ያስፈልግዎታል።